ግብረ ገብ እና ትምህርተ ክርስቶስ ለተመደበባችሁ አዲስ መምህራን (ከድሬ)

ድሬ ላይ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሳስተምር አስራ አንደኛ አመቴን ይዣለሁ። በየመስከረሙ አንድ አዲስ መምህር ስታፍ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ይልና ድምፁን ዝቅ አርጎ "ቲቸር፣ ግብረ ገብ ሰጡኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ ትምህርተ ክርስቶስ ያዝ ተባልኩ፣ ምንድነው ማስተምረው?" ይለኛል። ብዙ ጊዜ ሒሳብ ወይ አማርኛ ተመድቦ ክፍለ ጊዜ ያነሰበት ሰው ነው፣ ጎዶሎውን በግብረ ገብ ሞሉለት ማለት ነው (ይሄ ራሱ ሌላ በሽታ ነው፣ በሌላ ቀን እናማዋለን)። ሁሌ አንድ አይነት ነገር በቃል ከምደግም ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

መጀመሪያ ሚገባችሁ ነገር የተሰጣችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ትምህርት መሆኑ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ክፍል ውስጥ ምታስተምሩት ግብረ ገብ ነው፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ሚሰጥ፣ የመንግሥት መጽሐፍ ያለው ትምህርት፣ ሁሉም ልጅ ይማረዋል። ቅዳሜ ወይ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምታስተምሩት ደግሞ ትምህርተ ክርስቶስ ነው፣ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች ብቻ፣ ወላጅ ፈልጎ የላካቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ማቋቋም ይችላሉ፣ ወላጅም ልጁን በእምነቱ ማሳደግ መብቱ ነው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ሥራችሁ ግልፅ ይሆናል፣ የሰኞውን ክፍል ቅዳሜ አታርጉት፣ የቅዳሜውንም ልጅ እንደ ሰኞ "ጥሩ ሰው ሁን" ብቻ ብላችሁ አትስደዱት፣ እሱ የመጣው እምነቱን ሊማር ነው።

ቁጥሩንም እወቁት። በ1999ኙ ቆጠራ ድሬዳዋ ላይ ከ100 ሰው 70 ገደማ ሙስሊም ነው፣ ወደ 26 ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ አንድም አይሞላም። የሐረሪ ክልልም ብዙም አይለይም። ማለት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆማችሁ ፊታችሁ ከተቀመጡት ሃምሳ ልጆች ውስጥ ካቶሊኮቹ ሁለት ወይ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዳንድ ክፍል ላይ ጭራሽ የሉም። መጋላ ሰፈር ያለ አባት ልጁን እዚህ ሚያመጣው ዲሲፕሊኑን እና እንግሊዝኛውን ብሎ ነው እንጂ እንድታጠምቁለት አደለም።

እኔ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። በሁለተኛ አመቴ፣ ያኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ 3ኛ ክፍልን በሙሉ "በሰማያት የምትኖር አባታችን" በቃል አጥኑና ኑ ከ10 ይያዛል አልኳቸው። ክፋት አልነበረብኝም፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዛ ስለተማርኩ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ሴትዮ፣ የአንዱ ልጅ አያት፣ ሻሻቸውን አጣፍተው ክፍል በር ላይ ቆሙ። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "ልቀመጥ?" አሉኝ። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሙሉ አርባ ደቂቃ አዳመጡኝ፣ ምን እንደቀባጠርኩ እግዜር ይወቀው። ሲወጡ ትከሻዬን መታ አርገው "ልጄ፣ አንቺ እንዳይዋሽ እንዳይሰርቅ አርጊልኝ፣ ሶላቱን እኔ አስተምረዋለሁ" አሉኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሌሰን ፕላን ስጽፍ የማንኛውም ልጅ አያት ከኋላ ብትቀመጥ አንገቷን ሳትደፋ ትሰማኛለች ወይ እላለሁ። የሙስሊሙ፣ የኦርቶዶክሱ፣ የጴንጤው፣ የካቶሊኩም አያት። የካቶሊኩን አያት እንዳትረሷት፣ አንዳንድ መምህር ሁሉንም ላለማስቀየም ብሎ ኢየሱስ ሚለውን ስም እንኳ እንደ ስድብ ይፈራዋል፣ እሷም ቅር ይላታል፣ ልክ ናት።

ይሄ አዲስ ፈሊጥ አደለም ደሞ። ሐረር ላይ አባ እንድርያስ ሚባሉት ፈረንሳዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴና ጳጳስ ዣሮሶ ትንሹን ተፈሪን አስተምረዋል፣ ከሳቸው ሥር ደግሞ አባ ሳሙኤል ወልደ ካሕን ፈረንሳይኛ እያስተማሩ አሳድገውታል። ራስ መኮንን ልጃቸውን የሰጡት አምነው ነው፣ ልጁ ኦርቶዶክስ ሆኖ ገብቶ ኦርቶዶክስ ሆኖ ወጣ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሆነ። ወላጅ ስብሰባ ላይ "እናንተ ጋ ልጄ ይቀየራል ወይ" ብሎ ሚጨነቅ ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ንገሩት፣ ከሚሽን ፖሊሲ ይልቅ እሱ ይገባዋል።

አርባ ደቂቃውን እንዴት ላሳልፈው?

መጀመሪያ ዝም ማስባል። በጩኸት ሳይሆን በዝምታ። እኔ ትንሽዬ ቃጭል አለችኝ፣ አንዴ አቃጭልና "ድምፁ እስኪጠፋ ስሙ፣ ሲጠፋ እጃችሁን አውጡ" እላለሁ። ሃምሳ ልጅ ከውጪ ባጃጅ እየጮኸ ፀጥ ብሎ ሲሰማ ማየት ደስ ይላል። ለካቶሊኩም ለሙስሊሙም ዝምታው የሱ ነው፣ ማንም የማንንም ጸሎት አላነበበበትም። ከሰዓት ከሆነ ግን፣ በተለይ ከሚያዝያ ወዲህ 8 ሰዓት ላይ፣ ክፍል ውስጥ አትታገሉ፣ ልጁ እንደ ሰም ቀልጦ ነው ሚመጣው፣ ውሃ አስጠጥታችሁ ኒሟ ሥር አስቀምጧቸው።

ከዛ ታሪክ። ትርጉም አደለም፣ ታሪክ። ብዙ አዲስ መምህር ሰሌዳው ላይ "ታማኝነት ማለት" ብሎ ይጀምርና ትርጉም ያስገለብጣል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ታማኝነት አለው ኪሱ ውስጥ የጓደኛው ላፒስ። እናንተ ታሪኩን በቃላችሁ ተናገሩ፣ መጽሐፍ ይዛችሁ አታንብቡ፣ ዓይናቸውን እያያችሁ።

አንድ ምሳሌ ሙሉውን ልስጣችሁ፣ ደጉ ሳምራዊ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 10። በመጽሐፉ ሰውየው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ነው ሚወርደው፣ ኢየሩሳሌም ደጋ ናት ኢያሪኮ ቆላ፣ ሙቀቷ ሚያነድ። ዋሪያ ይሄማ ከሐረር ወደ ድሬ ነው! ስለዚ እኔ ሰውየውን ከሐረር አሳፍሬ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ አስዘርፈዋለሁ። ልብሱን ገፈፉት፣ ደበደቡት፣ ጥለውት ሄዱ። መጀመሪያ ያለፈው እንደኔ ያለ ቲቸር ነው፣ "ከረፈደብኝ ሲስተር ትቆጣኛለች" ብሎ አለፈ (ልጆቹ እዚህ ጋ በጣም ይስቃሉ፣ ይሳቁ)። ሁለተኛው ሁሌ ጸሎት ማያቋርጥ የተከበረ ሰው ነው፣ የየትኛው ቤት ጸሎት እንደሆነ ግን በፍፁም አልናገርም፣ ከተናገርኩ ግማሹ ክፍል ተሰደበ ማለት ነው። እዚህ ጋ አቆማለሁ። "ሦስተኛው ማን ይሁን? ይረዳዋል ብላችሁ ጭራሽ ማትጠብቁትን ሰው ንገሩኝ።"

ሚመጣው መልስ ነው ትምህርቱ። "ባጃጅ ሹፌር።" "ሁሌ ሚመታኝ የ7ኛ ክፍል ልጅ።" "የሰፈራችን እብድ።" አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ብድግ ይልና የብሔር ወይ የሃይማኖት ስም ይጠራል፣ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ሁሉም እናንተን ያያል። እዛ ጋ አትቆጡ። ከተቆጣችሁ ልጁ ሚማረው እንዲህ ማሰብ መጥፎ መሆኑን ሳይሆን ቲቸር ፊት አለመናገርን ነው። እኔ "አንተ እዛ መንገድ ላይ ደምህ እየፈሰሰ ተኝተህ ቢሆንስ፣ እሱ መጥቶ ውሃ ቢሰጥህ ትጠጣለህ?" እለዋለሁ። ሁሌም "እጠጣለሁ" ነው መልሱ፣ ዓይኑን ሰበር አርጎ። በቃ፣ ከዛ በላይ አልጨምርም፣ ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ። ኢየሱስን የጠየቀው ሰውዬ "ባልንጀራዬ ማነው" ነበር ያለው፣ ኢየሱስ ግን መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ገልብጦ "ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው የቱ ነው" ብሎ መለሰለት፣ እናንተም እንደዛው ነው ያረጋችሁት።

የቀረው አስር ደቂቃ የእጅ ሥራ ነው፣ መሳል፣ በጭቃ መሥራት፣ ሁለት ሁለት ሆኖ መተወን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ነቢያትን ወይ እግዚአብሔርን ሳሉ አትበሉ። ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የነቢይ ፊት መሳል ከባድ ነገር ነው፣ ልጁ እቤት ደብተሩን ሲያሳይ ችግር ውስጥ ይገባል፣ እናንተም ለምን እንደሆነ ሳታውቁ። ለዮሴፍ ጉድጓዱን ሳሉ፣ ቀሚሱን ሳሉ፣ ሰባቱን የስንዴ ዛላዎች ሳሉ በሉ። እውነት ለመናገር ሥዕሉም ያምራል፣ ፊት መሳል ማይችል ልጅም አይሸማቀቅም።

የትኛውን ታሪክ?

ዮሴፍ ከሁሉም ይበልጣል። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ አለ፣ ቁርአን ላይም 12ኛው ምዕራፍ ሙሉውን የዩሱፍ ነው፣ ስለዚ ማንም ልጅ እንግዳ አይሆንም። እኔ "በመጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈው እንዲህ ነው፣ እቤታችሁ እንዴት ሰማችሁት?" እልና ሙስሊሞቹ የሰሙትን ይነግሩናል፣ ሚለይበት ቦታ ካለ "አሃ፣ እናንተ ጋ እንደዛ ነው" ብዬ አልፋለሁ፣ ዳኛ አልሆንም። ቅናት አለበት፣ ውሸት አለበት፣ ያልሠራው ወንጀል አለበት፣ መጨረሻ ላይ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ መጥተው ማን እንደሆነ ሲነግራቸው ያለው ቅፅበት አለ፣ እኔ ራሴ ስናገረው ድምፄ ይሰበራል። ሁለት ሳምንት ስጡት፣ አታሩጡት። ዮናስም ጥሩ ነው፣ ዩኑስ ይሉታል፣ ትንንሾቹ ዓሣውን ይወዱታል።

ማልነካቸውም አሉ። አብርሃም ልጁን ለመሥዋዕት ያቀረበበት ታሪክ፣ የኛ መጽሐፍ ይስሐቅ ይላል፣ ሙስሊሞቹ ከቤታቸው እስማኤል ብለው ነው ሰምተው ሚመጡት፣ በተለይ አረፋ ሰሞን። የ2ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር ተሳሳትሽ" ካለ ሌላው "አንተ ነህ የተሳሳትከው" ካለ በኋላ ሰላም ማውረድ አይቻልም፣ ቅዳሜ አስተምሩት።

ኖኅ ደግሞ ሌላ ነው። የውጪ መጽሐፎች ላይ ቀጭኔው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየሳቀ ምናምን ደስ ሚል ታሪክ ነው። ድሬ ላይ ግን በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ሰው ከነቤቱ ወስዷል፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም፣ እናቶቻቸው ግን ነበሩ፣ አክስት ያጣ አለ፣ አያት ያጣ አለ። እኔ ሳላስብ "እግዚአብሔር ክፉዎችን በውሃ አጠፋ" ብዬ አንዲት ልጅ "አክስቴ ክፉ ነበረች?" አለችኝ። ምን ይባላል? እስካሁን ያቺ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ አለች። አሁን ኖኅን ማስተምረው ከቀስተ ደመናው ጀምሬ ነው፣ ሁለተኛ እንዲህ አላረግም ብሎ ከገባው ቃል፣ ጎርፉንም ስናገር ስለ ደቻቱ አስቀድሜ ራሴ አነሳዋለሁ፣ ያ ቅጣት እንዳልነበረ በግልፅ እናገራለሁ።

ለፍጥረት ትምህርት ሐረማያ ሐይቅ አለላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ቴክስት ቡክ አላውቅም። ለሐረር የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የነበረ ሐይቅ ደረቀ፣ ሰው መሬቱ ላይ እየሄደበት ከብት እየጋጠበት ከርሞ ደግሞ ከቅርብ አመታት ወዲህ ውሃው ተመለሰ። ልጆቹ ቤተሰባቸውን ጠይቀው ይምጡ፣ ለምን ደረቀ፣ ማን ብዙ ሳበው፣ እንዴት ተመለሰ። እነዛ አባ ሳሙኤል ያልኳችሁም በ1907 እዛው ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ነው የሞቱት፣ ተፈሪ ተረፈ። 5ኛና 6ኛ ክፍሎች ይሄን ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጣል፣ ዛሬ ሰላጣና ካሮት ሚታጠብበት አካባቢ መሆኑን ሚያውቁት ነዋ።

ተንበርከክ አትበሉ

ይሄን ለብቻው መጻፍ ፈልጌ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ልጅ ሲያጠፋ "ተንበርከክ!" ነው፣ ኮሪደር ላይ በጉልበቱ ይቆማል። እኛ ቤት ግን መንበርከክ ጸሎት ነው። ሰኞ በቅጣት ያንበረከካችሁትን ልጅ እሁድ በፍቅር ተንበርከክ ልትሉት አትችሉም፣ ጉልበቱ አስቀድሞ ተምሯል። ልክ እንደዛው "አባታችን ሆይን ሃምሳ ጊዜ ጽፈህ ና" ሚል ቅጣት ሰምቼ አውቃለሁ፣ ይሄ ጸሎት ማስጠላት ካልሆነ ምንድነው? ያጠፋ ልጅ ያበላሸውን ያስተካክል፣ የቀደደውን ይጠግን፣ የሰደበውን ይቅርታ ይጠይቅ፣ ካስፈለገ ሰሌዳ ያፅዳ። ኩርኩምና ልምጭማ ጭራሽ አይነሳ፣ ክልክል ነው፣ በዛ ላይ በዱላ ግብረ ገብ ሚያስተምር ሰው ራሱ ቀልድ ነው።

ልጆቹ ሚጠይቁት

ተዘጋጁ፣ ይጠይቃሉ። "ቲቸር ሙስሊም ገነት ይገባል?" ይሄ በየአመቱ አለ፣ አብዛኛው ጊዜ ሚጠይቀው ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን እያየ ነው፣ ፈርቶለት ነው። ክፍል ውስጥ ማለት ምትችሉት "ማን እንደሚገባ ሚወስነው እግዚአብሔር ነው፣ እኔ የሱ ፀሐፊ አደለሁም" ነው። ለራሳችሁ ግን እወቁት፣ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፈረንጆቹ በ1965 ባወጣው ሰነድ ላይ ቤተክርስቲያኗ ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምታይ፣ አንዱን መሐሪ አምላክ እንደሚያመልኩ ተጽፏል። ስለዚ ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ስትሰጡ ከፍርሃት የመጣ አደለም፣ ቤተክርስቲያናችሁም እንደዛው ነው ምትለው።

"ቲቸር አንቺ ጋ ማርያም አለች?" ሚለው ደግሞ ከኦርቶዶክስ ልጆች ይመጣል፣ አለች በሏቸው፣ መርየም ብለው ሙስሊሞቹም "እኛም ጋ አለች፣ ሱራ አላት" ይላሉ፣ 19ኛው ምዕራፍ በስሟ ነው፣ እሷ ላይ ማንም አይጣላም።

ቅዳሜ

እዚህ ጋ ሌላ ሰው ሁኑ። እነዚህ አስራ አምስት ሃያ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ከክፍላቸው አናሳ ሆነው የከረሙ ናቸው፣ "ካቶሊክ ምንድነው፣ የፈረንጅ ነው አይደል?" ሲባሉ የከረሙ። የራሳቸውን ነገር በስሙ ጠርታችሁ ሙሉውን ስጧቸው።

ከየት ልጀምር ላላችሁ፣ በፈረንጆቹ በ1992 የወጣው የቤተክርስቲያኗ ትምህርተ ክርስቶስ አራት ክፍል አለው፣ ምናምነው፣ ምናከብራቸው ምሥጢራት፣ ምንኖረው፣ ምንጸልየው። ትልልቆቹን በዛው ቅደም ተከተል ሂዱ። ትንንሾቹን ግን ገልብጡት፣ ከጸሎት ጀምሩ። ሰባት አመት ልጅ ስለ ሥላሴ ባሕርይ ስታወሩለት ቅማሉን ነው ሚያከው፣ ሻማ አብርታችሁ "እስቲ ዛሬ ለማን እንጸልይ" ስትሉት ግን ለታመመች ፍየሉ ይጸልያል።

ጣልያናዊቷ ሶፊያ ካቫሌቲ በፈረንጆቹ በ1954 ሮም ላይ የጀመረችው መንገድ አለ፣ ልጁ በእጁ እየነካ፣ ትንንሽ ምስሎች እያንቀሳቀሰ ሚማርበት፣ ዋናዋም ታሪክ መልካሙ እረኛ ናት፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 10። እቃው ውድ አደለም፣ እረኛና በጎች ከሸክላ ወይ ከካርቶን ነው። እኔ መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ መጽሐፍ ነጫጭ በጎች ሠራሁ፣ ልጆቹ "ቲቸር ራሱ ጥቁር አደለም እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እዚህ ገበያ ምናየው በግ ገላው ነጭ ራሱ ጥቁር ነው። አሁን ጭንቅላታቸውን በከሰል እናጠቁራለን፣ በዛች ቀን መልካሙ እረኛ የኛ ሰፈር ሰው ሆነ።

የመጀመሪያ ቁርባን ላይ ሁሌ ሚመጣ ጥያቄ አለ፣ "ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ ህፃን ሆኖ ነው የቆረበው፣ እኔ ለምን እጠብቃለሁ?" ጎበዝ ልጅ ነው። መልሱ፣ የሐረር ሀገረ ስብከት ካቶሊኮች በላቲን ሥርዓት ነው ምንሄደው፣ ሰሜን ያሉት ወንድሞቻችን በግዕዝ ሥርዓት። በላቲኑ ልጁ ተራ እንጀራን ከቅዱስ ቁርባን መለየት ሚችልበት ዕድሜ ይጠበቃል፣ ያንንም ወደ ሰባት አመት ያወረዱት የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 10ኛ ናቸው፣ በፈረንጆቹ በ1910፣ ከዛ በፊት ከዛም በላይ ነበር ሚጠበቀው። ጓደኛህ አልተሳሳተም አንተም አልዘገየህም በሉት።

ከቁርባን በፊት ንስሐ አለ፣ ልጆቹ በጣም ሚፈሩት እሱን ነው። ቀደም ብላችሁ መናዘዣውን አሳዩዋቸው፣ ይቀመጡበት፣ አባ ራሳቸው መጥተው ያጫውቷቸው። ልምምድ ስናረግ አንዱ በኩራት "ወንድሜ ሙሸበክ (ጣፋጩን) ሰርቋል" ብሎኛል፣ የራስህን እንጂ የወንድምህን ኃጢአት አደለም ምትናዘዘው ብዬ ማስረዳት አንድ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የልምምዱን ኃጢአት እናንተ ፈጥራችሁ ስጡ፣ ልጁ እውነተኛውን ለናንተ እንዲናገር አታርጉ፣ የናንተ ሥራ አደለም።

በቃል ማስጠናት ይቀንስ እንጂ አይጥፋ። ዘመናዊ ነን ሚሉ መምህራን በቃል ጥናትን እንደ ወንጀል ያዩታል፣ እኔ አልስማማም። በሰማያት የምትኖር፣ ሰላም ለኪ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ እነዚህ በቃል መያዝ አለባቸው፣ ግን ቁጭ ብሎ በመድገም ሳይሆን በየሳምንቱ አብሮ በመጸለይ። መቁጠሪያም ሙሉውን አትስጧቸው፣ አንድ አስርት ይበቃል፣ አንዱ ፍሬ ለአንድ ሰው፣ ስም እየጠሩ።

የቅዱሳን ታሪክ ላይ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል አለ፣ የጎጃም መነኩሴ፣ በሰንሰለት ታስሮ በፈረንጆቹ በ1855 የሞተ፣ በ1926 ብፁዕ የተባለ። ልጆቹ "ሐበሻ ቅዱስ አለን?" ብለው ይደነቃሉ። ግን ተጠንቀቁ፣ ያ ዘመን በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቁስል ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አባቱ ኦርቶዶክስ እናቱ ካቶሊክ የሆነ ልጅ ሁሌ አለ። ፅናቱን ተናገሩ፣ ማን አሰረው ሚለውን አታራግቡት።

የቀን መቁጠሪያንም ከውጪ መጽሐፍ እንዳለ አታውርዱ። ገናችን ታህሳስ 29 ነው፣ መጽሐፉ ሚያወራው ግን በነሱ አቆጣጠር ነው፣ አንድ ጊዜ አንዲት መምህርት ከኢንተርኔት አውጥታ ልጆቹን የገና ሻማ ቀድማ አስጨርሳ ገና ሲደርስ ሻማ አልቆባታል። ከቁምስናው የዘንድሮውን ጠይቁ። ቀለማቱን ግን አስተምሯቸው፣ ሐምራዊ ዝግጅትና ንስሐ፣ ነጭ ደስታ፣ ቀይ የሰማዕታትና የመንፈስ ቅዱስ፣ አረንጓዴ የቀረው ጊዜ። እሁድ ቅዳሴ ላይ የአባን ልብስ አይተው እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ ታያላችሁ።

ቀሪው በአጭሩ

ማርክ፦ ግብረ ገብ ላይ ታሪኩን ማስታወስ፣ ማሰብ፣ የቡድን ሥራ ይመዘን፣ እምነት አይመዘንም። ቅዳሜ ላይ ጭራሽ ማርክ የለም።

ረመዳን ሲሆን ፆመኞቹ 5ኛና 6ኛ ክፍሎች ከሰዓት ዝለው ነው ሚገቡት፣ ሩጫና ድራማ ወደ ጠዋት አምጡት፣ ፊታቸው ምግብ ሚያስመጣ ሥራ አትስጡ። የገና ድራማ ላይ ሙስሊም ልጅ መልአክ መሆን ከፈለገ እቤቱን ጠይቁ፣ ካልተፈቀደ መጋረጃ ሳቢነት ወይ ማይክ ያዥነት ስጡት፣ እውነተኛ ሥራ፣ ዳር አታስቀምጡት። ካልገባበትም ቤተ መጻሕፍት ይግባ እንጂ በር ላይ ቆሞ አይይ።

የቅዳሜውን ልጅ ያለ ወላጅ ፊርማ አትቀበሉ፣ ጓደኛውን ተከትሎ ሚመጣ ልጅ አለ፣ ልቡ ጥሩ ነው፣ እቤት ግን ጠብ ይሆናል። ከልጅ ጋር ብቻችሁን በር ዘግታችሁ አትቀመጡ፣ ኑዛዜም ቢሆን ሰው ከሩቅ በሚያይበት ቦታ ይሁን፣ ይሄ ለልጁም ለናንተም ለአባም ነው፣ "እኛ ጋ እንደዛ አይነት ነገር የለም" ሚል ሰው ካለ እሱን አትስሙት።

እና ሳጥን ይኑራችሁ። የኔ የዘይት ካርቶን ነው፣ ውስጡ ቃጭሏ፣ ሁለት ሻማ፣ አራት ቀለም ጨርቅ ከታይዋን ገበያ (እዚሁ ድሬ) በርካሽ የተገዛ፣ ጥቁር ራስ በጎቹ (ሰባት ነበሩ፣ አንዱን ድመት ሰበረችው፣ ልጆቹ የጠፋው በግ እሱ ነው ብለው ስድስቱን ትተው ይፈልጉታል)፣ የማይሰበር ስኒ፣ ጠመኔ፣ ክብሪት። ክብሪቱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።